የዘር አውራ ምንድን ነው? የመንዝ ጠቦት ለዘር ሲመረጥና ሲገዛ

በመንጋ ውስጥ ያለ አውራ በግ ሁሉ የዘር አውራ አይደለም። የዘር አውራ የሚባለው እናቱና አባቱ የታወቁ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተመዝኖ የበለጠ፣ ሆን ተብሎ ለጥቂ፣ ማለትም እናት በጎችን ለማስረገዝ፣ የተያዘ ነው። ሌላው ሳይሸጥ ስለቀረ ብቻ የሚያጠቃ ነው።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ቶሎ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ይሸጣል፤ ገዢ ያጣው ቀጫጫ ቤት ይቀርና የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች አባት ይሆናል። ባለሙያዎች አሉታዊ መረጣ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ይህንኑ ለመገልበጥ የታሰበ ነው፤ አርቢዎች ተደራጅተው ምርጦቹን ጠቦቶች ለዘር ያስቀራሉ፣ የቀሩትን ያኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ። ስለዚህ ለዘር የሚገዛ ሰው መሄድ ያለበት መዝገብ ወዳለው አርቢ ወይም ማኅበር እንጂ ገበያ አይደለም። ገበያ ላይ ያለ ጠቦት ከነወንድሞቹ ሊታይ አይችልም።

ዋናው መለኪያ የስድስት ወር ክብደት ነው። ጡት ከጣለ በኋላ በራሱ ግጦሽ ምን ያህል እንዳደገ የሚታየው ያኔ ነው፤ በሦስት ወሩ ቢመዘን ግን የእናቱ ወተት ይበልጥ ይናገራል። ሚዛኑ ጠዋት፣ ወደ ግጦሽ ከመውጣቱ በፊት ይሁን፤ ሆዱ የሞላ ጠቦት ያሳስታል። ዕድሜው ልክ 180 ቀን ካልሆነ ከክብደቱ ላይ የልደት ክብደቱን ቀንሶ ለዕድሜው ቀን ማካፈል፣ በ180 ማባዛት፣ ከዚያ የልደት ክብደቱን መመለስ ነው። ለምሳሌ 2.4 ኪሎ ተወልዶ በ195 ቀኑ 16 ኪሎ የመዘነ ጠቦት በስድስት ወር ስሌት ወደ 15 ኪሎ ይመጣል። ማወዳደር የሚገባው በአንድ መንጋ፣ በአንድ ወቅት ከተወለዱት ጋር ብቻ ነው። መንታ ሆኖ ለብቻው ከተወለደው ጋር የተቀራረበ ካለ መንታው ይመረጥ፤ ወተት ተካፍሎ ነው እዚያ የደረሰው።

ከመዝገቡ በኋላ እጅ ይሠራል። ሁለቱም ቆለጦች ወርደው፣ እኩል ሆነው፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ያሉና እብጠት የሌለባቸው መሆን አለባቸው። አንዱ ያልወረደ ከሆነ፣ ክብደቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዘር አይሆንም፤ ጉድለቱ ለልጆቹ ይተላለፋል። የታች ጥርሶቹ ከላይኛው ድድ ጋር ካልገጠሙ ሣር ቆርጦ መብላት ይቸግረዋል። ስድስት ወሩ ነው እየተባለ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርስ ካወጣ ዓመት አልፎታል። የዓይኑ ቆብ ውስጥ ነጣ ካለ ደም አንሶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ትል ነው።

ንጹሕ የመንዝ ዝርያ የሚፈልግ ላቱንና ጆሮውን ይይ። የመንዝ ላት አጭር፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ረጅም የተንጠለጠለ ጆሮና ሰፊ ላት በአካባቢው ለዓመታት ሲሰራጭ የኖረውን፣ ከውጭ የመጣውን የአዋሲ በግ ዝርያ ደም ይጠቁማል። ዲቃላ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የበለጠ መኖ ይፈልጋል፣ ብርዱንና የግጦሽ እጥረቱን እንደ መንዝ በግ አይችልም።

የተገዛው ጠቦት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ፈንጣጣ ወይም እከክ ካለበት በዚህ ጊዜ ይወጣል። መኖውንም ቀስ በቀስ ይለውጡለት። ገና ጠቦት ሳለ ከ10 እስከ 15 እናት በጎች ይበቁታል፣ ሲጎለምስ እስከ 30። ሴት ልጆቹ ለጥቂ ከመድረሳቸው በፊት ከሌላ አርቢ አውራ ጋር ይለዋወጥ፤ ተለዋጩም የአንድ አባት ልጅ እንዳይሆን አሁንም መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል።