የወሎ ረግረግና የሣር ውስጥ ጥንዚዛዎች

ማሳ ላይ ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ የምትበላውን ክብ፣ ቀይ፣ ነጠብጣባማ ጥንዚዛ ብዙ ገበሬ ያውቃታል። ቤተሰቧ ኮክሲኔሊዴ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ ዝርያ አለው። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ኑሯቸው ረግረግ ነው። ሰብሳቢ እጅ የሚገቡትም ከስንት አንዴ ነው።

በደንብ የተጠናችው አኒሶስቲክታ ናት። አገሯ አውሮፓና ሰሜን እስያ ነው፤ በሳይንስ መጀመሪያ የመዘገባት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ነው፣ በ1758 እ.ኤ.አ.። ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ጀርባዋ ላይ 19 ጥቁር ነጠብጣብ አላት። ሰውነቷ ሞላላና ጠፍጣፋ ስለሆነ በሁለት ቅጠል መሃል ሽጉጥ ትላለች። የብርዱን ወራት የምታሳልፈው እንዲያ ነው፤ ያኔ ቀለሟ ገለባ ይመስላል። ሙቀት ሲመጣ ትቀላለች። ደረቅ ፊላ ላይ አጠገቧ ቆሞ እንኳ የማያያት ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ወሎ ውስጥ የረግረግ ጥንዚዛ ለሚፈልግ ሁለት ቦታ ልጠቁም። አንዱ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሐይቅ ዳርቻ ነው። ሌላው ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ ቦርከና የሚያረሰርሰው ጨፋ ነው። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው የሚመጡበት ለምለም ሜዳ ነው። ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማም የሚታጨደው ከእንዲህ ያለ እርጥብ ቦታ ነው። የነፍሳት ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገብስና ስንዴ ላይ ነው የሚውለው። ተባዩ እዚያ ስለሆነ ያስኬዳል፤ ረግረጉ ግን ሳይታይ ይቀራል።

ፍለጋው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ነጭ ነጠላ ከሥር ዘርግቶ ቄጠማውን መምታት ነው። የደረቀ ፊላ ከተገኘ የቅጠሉን እግር ቀስ ብሎ ገለጥ ማድረግ ያዋጣል። የወደቀችውን ቀለል አድርጎ ጫን ቢሏት ከጉልበቷ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ወፍና ጉንዳን የምትከላከልበት ነው። ቅጠል የሚበሉ ጥንዚዛዎች ስለሚመሳሰሏት አንቴናዋን በአጉሊ መነጽር ማየት ይሻላል። የእሷ አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ወፈር ይላል።

የተያዘችው አልኮል ውስጥ ትቀመጣለች። ቦታው፣ ቀኑና የተገኘችበት ሣር በእርሳስ ተጽፎ አብሯት ይግባ። ያለዚያ ወረቀት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ረግረግ እየተንጣፈፈ ለእርሻ በሚውልበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ የት ቦታ ምን እንደነበረ የሚነግረን እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።