«ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ ነፍሱንም ቢያጎድል ምን ይጠቅመዋል?»፦ የአባባሉ ምንጭና ትርጉም

ባለጸጋ ድንገት ሲሞት፣ ወይም ሰው ለገንዘብ ብሎ ወዳጁን ሲከዳ ይህ አባባል ከብዙዎች አፍ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከሞት ጋር ተያይዞ ስለሚጠቀስ «የሰበሰብከውን ሁሉ ትተኸው ትሄዳለህ» ማለት ብቻ ይመስላል። ይህም እውነት ነው፤ ግን ይህን ለማወቅ ወንጌል አያስፈልግም፣ መቃብር ማየት ይበቃል። አባባሉ ከዚያ እጅግ ይጠልቃል። ጥልቀቱ የሚገባን ማን፣ የትና ለማን እንደተናገረው ስናይ ነው።

ንግግሩ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ነው። በማቴዎስ 16፥26 እና በማርቆስ 8፥36፣ በጥቂት የቃል ልዩነትም በሉቃስ 9፥25 ተጽፏል። ማቴዎስና ማርቆስ እንደሚተርኩት የተነገረው ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወደ ፊልጶስ ቂሣርያ አገር በሄደበት ጊዜ ነው። ከተማይቱ በአርሞንኤም ተራራ ግርጌ፣ ከዮርዳኖስ ምንጮች በአንዱ አጠገብ ነበረች። ታላቁ ሄሮድስ በዚያ አካባቢ ለአውግስጦስ ቄሣር ቤተ መቅደስ አሠርቶ ነበር፤ ልጁ ፊልጶስ ደግሞ ከተማይቱን አስፍቶ በቄሣር ስም ሰየማት። የምድር ሥልጣን በግልጽ የሚመለክባት ስፍራ ነበረች።

በዚያ ስፍራ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ» ብሎ መሰከረ። ጌታም መከራ እንደሚቀበል፣ እንደሚገደልና በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣ ይነግራቸው ጀመር። ጴጥሮስ ይህን ሊሰማ አልቻለም፤ ለብቻው ወስዶ «አይሁንብህ ጌታ ሆይ» አለው። መልሱ ግን «ወደ ኋላዬ ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» የሚል ነበር። መስቀልን ስለ መሸከም፣ ቀጥሎም ዓለሙን ስለ ማትረፍና ነፍስን ስለ ማጉደል የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ኋላ ተመልሰን ማቴዎስ ምዕራፍ 4ን እናንብብ። ጌታ በምድረ በዳ 40 ቀንና 40 ሌሊት ከጾመ በኋላ ዲያብሎስ እጅግ ረጅም ወደ ሆነ ተራራ አውጥቶ የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ከክብራቸው ጋር አሳየው፤ «ወድቀህ ብትሰግድልኝ ይህን ሁሉ እሰጥሃለሁ» አለው። ጌታም «ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» ብሎ መለሰለት። ለፈታኙ የተነገረው ቃል በፊልጶስ ቂሣርያ ለሚወደው ደቀ መዝሙር ተደገመ፤ መስቀል የሌለበትን መንገድ ያቀረበለት በዚህ ጊዜ ወዳጁ ነበርና። ስለዚህ «ዓለሙን ሁሉ» የሚለው ቃል ለማጋነን የገባ አይመስለኝም። ተናጋሪው ዓለም ሁሉ በእርግጥ ቀርቦለት፣ ዋጋውም ተነግሮት እምቢ ያለ ነው። ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ያጣ ሰው ማጽናኛ ነው ልንል እንችል ነበር። እርሱ ግን ይችል የነበረውን ትቶ ነው የተናገረው፤ ለዚህ ቃል ክብደት የሰጠውም ይህ ነው።

ነፍስን ማጉደል ምንድን ነው? በሉቃስ 12 ያለው ሀብታም ያሳየናል። እርሻው ብዙ ፍሬ አፈራለት፤ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ፤ ነፍሱንም «ዕረፊ፥ ብዪ፥ ጠጪ፥ ደስ ይበልሽ» ሊላት ተዘጋጀ። ሰባክያን የሚያተኩሩት በዚያች ሌሊት መሞቱ ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ከሞቱ በፊት ያለው ነው። በታሪኩ ውስጥ ሚስት የለች፣ ወዳጅ የለም፣ ድሀ የለም፤ የሚያስበው ከራሱ ጋር፣ የሚነጋገረውም ከራሱ ጋር ነው። እህሉ ሞልቶ ሳለ ነፍሱ ጎድላ ነበር። ሥራ አግኝቶ፣ አድጎ፣ የተመኘውን ሁሉ ጨብጦ «ታዲያ ለምንድን ነው ባዶነት የሚሰማኝ?» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ተረጋግቶ ቢያነበው እመክራለሁ።

አባባሉ ሀብትን ይረግማል ብለው የሚያስቡ አሉ። አይረግምም። የጌታን ሥጋ የቀበረው የአርማትያስ ዮሴፍ ባለጠጋ ነበር፤ በፊልጵስዩስ ጳውሎስን በቤቷ የተቀበለችው ልድያም ሐምራዊ ሐር ሻጭ ነበረች። ድሀም ቢሆን በምኞትና በቅናት ነፍሱን ሊያጎድል ይችላል። «ጌታን ተከተል፣ ሀብት ይከተልሃል» የሚለው ስብከት ግን ከዚህ ቃል ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ክርስቶስን ዓለሙን ማትረፊያ ያደርገዋልና። ሐዋርያው ጳውሎስ «ለእኔ ረብ የነበረውን ሁሉ ስለ ክርስቶስ እንደ ጉዳት ቆጥሬዋለሁ» ያለው ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ነው፤ በዚያው መልእክትም የሚኖርበት ኑሮ እንደሚበቃው መማሩን ይናገራል። «ተምሬአለሁ» ማለቱን ልብ በሉ፤ እርካታ በአንድ ጀንበር የሚወርድ ስሜት ሳይሆን ከክርስቶስ ጋር በመኖር የሚለመድ ነው።

ሰዎች አባባሉን ሲጠቅሱ ሁለተኛውን ግማሽ ይተዉታል፦ «ወይስ ሰው ስለ ነፍሱ ቤዛ ምን ይሰጣል?» በመዝሙር 49ም ሰው የነፍሱን ቤዛ ለእግዚአብሔር መስጠት እንደማይችል ተዘምሯል። የጠፋች ነፍስ በገንዘብ አትመለስም፤ በምጽዋትም ቢሆን አትገዛም። ጥያቄው ግን ያለ መልስ አልቀረም። በማቴዎስ 20፥28 ራሱ ጠያቂው የመጣው «ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ» እንደሆነ ይናገራል። የቀራጮች አለቃ የነበረው ባለጠጋው ዘኬዎስ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው ጌታ በስሙ ጠርቶት በቤቱ ከገባ በኋላ ነበር። ግብዣው ቀደመ፤ ገንዘቡን መልቀቅ ተከተለ።