የጦር መርከብና የባሕር ሰርጓጅ ምህንድስና፦ የምርምር መስኮቹ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጦር መርከብ ምህንድስና ምርምር የሚያጠነጥነው በጥቂት ነባር ጥያቄዎች ላይ ነው። መርከቡን ወደፊት ለመግፋት ስንት ጉልበት ያስፈልጋል? ማዕበል ሲያዘነብለው ይቃናል ወይስ ይገለበጣል? ሲመታስ ምን ያህል ይችላል? ለባሕር ሰርጓጅ ደግሞ የጥልቁን ግፊት መሸከምና ድምፅ አጥፍቶ መሄድ ይጨመራሉ። ኮምፒውተር ብዙውን ስሌት በተረከበበት በዛሬው ጊዜም የዘርፉ መመስከሪያ ረጅሙ የሙከራ ገንዳ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የገንዳው አባት እንግሊዛዊው ዊሊያም ፍሩድ ነው። በብሪታንያ አድሚራልቲ (የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት) ድጋፍ ቶርኪ ከተማ ላይ ያሠራው ገንዳ 85 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ ሥራ የጀመረውም በ1872 ነው። ሞዴሉ ከቀለጠ የፓራፊን ሰም ይወጣል፤ በሐዲድ የሚሄድ ጋሪ ከውኃው በላይ ሆኖ ይጎትተዋል፤ ጋሪው ላይ የተገጠመው መሣሪያም የውኃውን ተቃውሞ ይመዘግባል። ቅርጹ ካልሰመረ ሰሙ ይፋቃል፤ ጨርሶ ካልሆነ ቀልጦ ሌላ መርከብ ይሆናል።

የፍሩድ ሕግ ፍጥነትን ከርዝመት ስኩዌር ሩት ጋር ያያይዛል። በመሆኑም የመርከቡን አንድ አሥራ ስድስተኛ የሚያህል ሞዴል በ5 ኖት (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ሲጎተት የሚያስነሣው ሞገድ፣ መርከቡ በ20 ኖት ሲሄድ የሚያስነሣውን በአነስተኛ መጠን ይደግመዋል። የውኃው ሰበቃ ግን ይህን ሕግ ስለማይከተል ፍሩድ ለብቻው በሳንቃዎች ለካው። የሕጉን ሐሳብ ፈረንሳዊው ሪች ቀድሞ አስቦታል የሚሉ አሉ፤ ያም ሆነ ይህ፣ «ግሬይሃውንድ» የተባለችውን እውነተኛ የጦር መርከብ በሌላ መርከብ አስጎትቶ በባሕር ላይ የፈተነው ፍሩድ ነው።

የሚዛን ጥናት ትምህርቱን የቀሰመው ከመቅሰፍት ነው። «ካፕቴን» የተባለችው የብሪታንያ የጦር መርከብ በመስከረም 1870 ሌሊት በማዕበል ተገልብጣ ወደ 480 የሚጠጋ ሰው ይዛ ሰጠመች። ጎኗ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም ነበር፤ የመቃናት ኃይሏም ገና 21 ዲግሪ ላይ ጣሪያውን ይነካና መውረድ ይጀምራል። በዚያው ሌሊት አብራት የነበረችው «ሞናርክ» እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እየበረታች የምትቃና ስለነበረች ተርፋለች።

በፕሮፔለር በኩል በእንፋሎት ተርባይን የምትሄደው የቻርልስ ፓርሰንስ መርከብ «ተርቢኒያ» ትጠቀሳለች። ፕሮፔለሯ በፍጥነት ሲሽከረከር ውኃው ወደ አረፋነት ተለውጦ ጉልበቱን ያባክን ነበር፤ ይህ ካቪቴሽን ይባላል። ፓርሰንስ ክስተቱን በዓይን ለማየት በ1895 ትንሽ የውኃ ዋሻ ሠራ፤ መርከቧም በመጨረሻ በሦስት ዘንጎችና በዘጠኝ ፕሮፔለሮች ከ34 ኖት በላይ ሮጠች። ካቪቴሽን ለባሕር ሰርጓጅ የከፋ ጠላት ነው፤ የአረፋው መፈንዳት በጠላት ሶናር (በውኃ ውስጥ ድምፅ በሚያዳምጠው መሣሪያ) ይሰማልና። ማሽኖችን በላስቲክ ላይ ማሳረፍና አካሉን በጎማ ንጣፍ መሸፈን የዚሁ ዝምታ ፍለጋ አካል ናቸው።

የባሕር ሰርጓጅን የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያስለመደችው በ1953 ወደ ውኃ የገባችው የአሜሪካ «አልባኮር» ናት፤ ለዚህም በአሜሪካ ባሕር ኃይል የዴቪድ ቴይለር የሙከራ ገንዳ የተጎተቱት ተከታታይ ሞዴሎች ባለውለታዎቿ ናቸው። ከውጭ አየር ሳይስቡ በውኃ ውስጥ ለመቆየት በሚያስችለው «ከአየር ነፃ ኃይል» በኩል ስዊድን ከውጭ በሚሰጠው ሙቀት የሚሠራውን የስተርሊንግ ሞተር፣ ጀርመን ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የነዳጅ ሴል መርጠዋል።

ግፊት በየ10 ሜትሩ አንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል። ሶቪየቶች በታይታኒየም የሠሯት «ኮምሶሞሌትስ» በ1984 እስከ 1,020 ሜትር ጠልቃለች። ይሁንና ጥልቀት የሚፈትነው የውጭውን አካል ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ «ትሬሸር» ሚያዝያ 10 ቀን 1963 በጥልቅ ሙከራ ላይ ሳለች ከ129 ሰዎች ጋር ጠፋች። አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ከተፈተሹት 145 የቧንቧ መጋጠሚያዎቿ 14 በመቶ ያህሉ ጉድለት ነበረባቸው። መርማሪዎቹ መነሻው ከመጋጠሚያ የፈሰሰ ውኃ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል፤ በኋላ የተነሡ ተንታኞች ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልሽትን ያስቀድማሉ። ወደ ላይ እንዳትወጣ ያገዳት ግን በእኅቷ በ«ቲኖሳ» ላይ ታይቷል፤ ለመንሳፈፍ ከታንኮቹ ውኃውን የሚያስወጣው የታመቀ አየር ሲለቀቅ በውስጡ ያለው እርጥበት የአየር ቧንቧው ወንፊት ላይ በረዶ ሠርቶ መንገዱን ዘጋው።

ከዚህ አደጋ «ሰብሴፍ» የተባለው የማረጋገጫ ሥርዓት በዚያው ዓመት ተወለደ፤ ለባሕር ውኃ ግፊት የሚጋለጠው እያንዳንዱ ክፍል ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደበየደውና ማን እንደፈተሸው በሰነድ ይያዛል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያጣው አንድ ባሕር ሰርጓጅ ነው፤ እርሱም በ1968 የሰጠመው፣ የሰብሴፍን ማረጋገጫ ያልያዘው «ስኮርፒዮን» ነው።