ቶርፖር ምንድን ነው? የተራበች አይጥ ሙቀቷን የምትቀንስበት ስልት

ማምሻውን ምግቧ የተነሳባትን የላብራቶሪ አይጥ ሊነጋጋ ሲል ብትነኳት ቀዝቃዛ ሆና ታገኟታላችሁ። ጥግ ይዛ ተጠቅልላለች፤ ጭራዋ እንደ ክፍሉ አየር በርዷል፤ ገፋ ብታደርጓት ቀስ ብላ ትንቀሳቀሳለች እንጂ አትሸሽም። በሌላ ጊዜ 37 ዲግሪ የሚሆነው የሰውነቷ ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ወርዷል። በደቂቃ 600 ጊዜ ገደማ ይመታ የነበረው ልቧ ከ200 በታች ይመታል። ይሁንና አልታመመችም። ጥቂት ሰዓት ቆይታ ራሷን በራሷ አሙቃ ትነሳለች። ይህ ሁኔታ ቶርፖር ይባላል፤ በአማርኛ «የሰዓታት ድንዛዜ» ብንለው ይቀርበዋል።

ቶርፖር ብርድ ከሚያደርሰው ጉዳት የተለየ ነገር ነው። ብርድ የመታው እንስሳ ሙቀቱን ለመጠበቅ ይታገላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ኃይሉን ይጨርሳል፣ በመጨረሻም ይሸነፋል። በቶርፖር ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። አንጎል መጀመሪያ እሳቱን ይቀንሳል፤ ሰውነት የሚቀዘቅዘው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቅዝቃዜውን እንደ መነሻ ያየዋል፣ እሱ ግን ውጤት ነው። ለወራት ከሚዘልቀው የብርድ ወራት እንቅልፍም በርዝመቱ ይለያል። የዕለቱ ቶርፖር በሰዓታት ይለካል፤ እንስሳው በዚያው ቀን ነቅቶ ምግብ ፍለጋ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ስሌቱን እንሥራው። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ 2.5 ግራም ስብ አላት እንበል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ስለሚሰጥ ስንቋ በሙሉ 22 ኪሎካሎሪ ተኩል ነው። 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ በቀን የምታወጣው ደግሞ ከ10 እስከ 12 ኪሎካሎሪ ይደርሳል። ሁለት ቀን ብቻ! 10 ኪሎ ስብ ያለው ሰው ግን 90,000 ኪሎካሎሪ ይዟል፤ በቀን 2,000 ቢያወጣ 45 ቀን ያዘልቀዋል። አይጧን የሚጎዳት ትንሽነቷ ነው። ትንሽ አካል ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ ስላለው ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል፤ ሲኒ ውስጥ የተቀዳ ቡና ጀበናው ውስጥ ከቀረው ቀድሞ የሚበርደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለአይጥ ያለ ተጨማሪ ማሞቂያ የሚመቻት የአየር ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ22 ዲግሪ ከምታወጣው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሄደው ሰውነቷን ለማሞቅ ነው። ስለዚህ ምግብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀነሰው ወጪ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ሆርሞኖች ይገባሉ። አንጎል በሰውነት ውስጥ ስንት ግራም ስብ እንደቀረ በቀጥታ አያይም፤ በደም ከሚመጣለት መልእክት ይረዳል እንጂ። ዋናው መልእክተኛ ሌፕቲን ነው። የሚመነጨው ከስብ ሕዋሳት ሲሆን፣ በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ያገኘው። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይበዛል። ምግብ ሲቋረጥ ደግሞ ሌፕቲን በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ስቡ ራሱ ከሚቀንሰው እጅግ ፈጥኖ። ይህ ፍጥነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንጎል ጎተራው እስኪራቆት ሳይጠብቅ ገና ገቢው ሲቋረጥ ይሰማል። እኔ ከጠቅላላው ጉዳይ ይበልጥ የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ ለድንዛዜው በር የሚከፍተው የአንድ ሆርሞን መምጣት ሳይሆን መጥፋቱ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሌፕቲን የመሥራት ዘረመሏ የተበላሸባት አይጥ ናት። እንዲህ ያለችው አይጥ ከጤነኛዋ እጥፍ በላይ ትወፍራለች፤ አንጎሏ ግን ሌፕቲን ስለማያገኝ የተራበች ይመስለዋል። ሙቀቷ ከመደበኛው ዝቅ ያለ ነው፣ በትንሽ ጾም ወደ ቶርፖር ትገባለች፤ 4 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ብትቀመጥ ያ ሁሉ ስብ እያላት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሌፕቲን ስትወጋ ሙቀቷ ይመለሳል። ነገር ግን ሌፕቲን ብቻውን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት፣ ነጭ ስብ፣ ማለትም ኃይል የሚከማችበት ስብ፣ ፈጽሞ የሌላቸው አይጦች ሌፕቲን ቢሰጣቸውም ሲጾሙ መደንዘዛቸውን አልተዉም። ሌላም መንገድ አለ ማለት ነው።

ከሌሎቹ መንገዶች አንዱ የሚነሳው ከጨጓራ ነው። ባዶ ጨጓራ ግሬሊን የተባለ የረሃብ ሆርሞን ያመነጫል፤ ለጾመች አይጥ ግሬሊን ሲጨመርላት ድንዛዜዋ ይጠልቃል። ጉበትም የራሱ ድርሻ አለው። በአንድ ሌሊት ጾም የጉበት የስኳር ክምችት አብዛኛው ያልቃል፤ ሰውነት ፊቱን ወደ ስብ ያዞራል፣ ኢንሱሊን ይወርዳል፣ ጉበት ደግሞ ኤፍጂኤፍ21 የተባለውን ሆርሞን ይለቃል። ይህ ሆርሞን ስብ ማቃጠልን ከማበረታታቱም በላይ አይጧን ለቶርፖር የቀረበች ያደርጋታል።

አንገት ላይ ካለው የታይሮይድ እጢ የሚመነጨው የታይሮይድ ሆርሞን ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሕዋሳት ነዳጅ የሚያቃጥሉበትን ፍጥነት ስለሚወስን በጾም ጊዜ መጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን ቅናሹ ዝግ ያለ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀትን ዲግሪ በዲግሪ ማውረድ የሚችለው ነርቭ ነው፦ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ወዳለው፣ ሙቀት ለማመንጨት ወደሚቃጠለው ቡናማ ስብ የሚልከውን ትእዛዝ ሲቀንስ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ለመንቃት ደግሞ እነዚያው ነርቮች ኖርአድሬናሊን የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል ይለቃሉ፣ ቡናማው ስብ ይለኮሳል፣ መንቀጥቀጥም ይታከልበታል። ኖርአድሬናሊን ጨርሶ መሥራት የማይችሉ አይጦች ግን ሲጾሙ ወደ ቶርፖር መግባትም ያቅታቸዋል። ምክንያቱም ነጭ ስብን የሚያቀልጠውና ሌፕቲን እንዲወርድ የሚያደርገው ይኸው ኬሚካል ነው። አንዱ መልእክተኛ ሲገባም ሲወጣም በሩ ላይ ቆሟል።

የሳይቤሪያ ሃምስተር የተባለው አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ደግሞ ረሃብን ቀድሞ ይዘጋጃል። ሌሊቱ ሲረዝም በጨለማ የሚመነጨው ሆርሞን፣ ሜላቶኒን፣ ረዘም ላለ ሰዓት ይመነጫል፤ እንስሳው በዚህ ወቅቱን ያውቃል። ክብደቱ ከ40 ግራም ገደማ ወደ 25 ግራም ይወርዳል፣ ጠጉሩ ይነጣል፣ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ምግብ ፊቱ እያለም ቀን ቀን ለሰዓታት መደንዘዝ ይጀምራል። በድንዛዜው ወቅት የኃይል ፍጆታው ከመደበኛው እረፍት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ይህም የሚሆነው ሆርሞኖቹ ከፈቀዱ ነው፦ ሌፕቲን ከፍ ብሎ ከቆየ፣ የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስተሮን ከተሰጠው ወይም ሃይፖታላመሱ ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ከተቀበረለት አይደነዝዝም።

ይህን አለማወቅ በተግባር ስህተት ያመጣል። አይጥ አብዛኛውን ምግቧን የምትበላው በጨለማ ስለሆነ፣ ተመራማሪ «አንድ ሌሊት ብቻ ላስጹማት» ሲል ለእሷ ሙሉ ቀን እንደመጾም ነው። ከቀዘቀዘች አይጥ የተወሰደ የስኳርም ሆነ የሆርሞን ልኬት የድንዛዜውን አሻራ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የጾሙን ሰዓት ማሳጠር ወይም ቤቷን ወደ 30 ዲግሪ ማሞቅ፣ ቢያንስ ደም ከመውሰድ በፊት ሙቀቷን መለካት ያስፈልጋል። ሃምስተር ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎችም የደነዘዘውን ሞተ ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። ደረቱን ለብዙ ደቂቃ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ትንፋሹ በጣም የተራራቀ ነው። ክፍሉን ከ20 ዲግሪ በላይ ቀስ በቀስ አሙቁ፣ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ላይ በቀጥታ አታስጠጉት። እስኪነቃ ድረስ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ሲነቃ ውኃና ምግብ ይጠብቀው።

ድንዛዜው ይህን ያህል ከቆጠበ በየቀኑ የማይደረግበት ምክንያትም አለ። የቀዘቀዘ እንስሳ ከአዳኝ አያመልጥም፣ መልሶ መሞቅም ነዳጅ ይፈጃል። ከዚህም ሌላ፣ ተጠቅልሎ ሲታይ የተኛ ቢመስልም ድንዛዜ የእንቅልፍን ሥራ አይሠራም። የአንጎል ሞገዳቸው የተለካ የሳይቤሪያ ሃምስተሮች ከቶርፖር እንደወጡ ጥልቅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ እንቅልፍ እንደተነፈገ እንስሳ።