የኤክቭቲሜ ታቃይሽቪሊ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጆርጂያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አትላንታ ነው። ዘመድ ያለበት አገር ነዋ! እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላዋ፣ በጥቁር ባሕር ዳር ስላለችው ጆርጂያ ነው። በምዕራቧ ጉሪያ የሚባል ክፍለ አገር አለ። እዚያ፣ ኦዙርጌቲ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ሊኻውሪ የምትባል መንደር ትገኛለች። የታሪክ ምሁሩና አርኪዮሎጂስቱ ኤክቭቲሜ ታቃይሽቪሊ በ1863 የተወለዱት በዚህች መንደር ነው፤ መታሰቢያ ቤተ መዘክራቸውም እዚያው ነው። የአገራቸውን ቅርስ ፈረንሳይ ድረስ ተከትለው የጠበቁና መልሰው ያመጡ ሰው ናቸው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ቤቱም ስለ ሰውየውም ከሚባለው ውስጥ ልክ ያልሆነው ብዙ ነው።

«በጆርጂያ የሰው ቤት ቤተ መዘክር ሆነ ከተባለ የስታሊን ነው»

የስታሊን ቤት ጎሪ ነው፣ ቱሪስትም አያጣም። ኤክቭቲሜ ግን የስታሊን አገዛዝ በስተርጅና ከቤት እንዳይወጡ ያገዳቸው ሰው ናቸው። ሁለቱን ቤቶች ባናምታታቸው ጥሩ ነው።

«ያ ሁሉ ወርቅ ሊኻውሪ ቤት ውስጥ ተቀምጧል»

የለም። ኤክቭቲሜ ያተረፉትን ቅርስ ማየት የፈለገ መሄድ ያለበት ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ነው፣ ብሔራዊ ቤተ መዘክር። የመንደሩ ቤት የሚያስታውሰው ሰውየውን ነው።

«የአገር ሀብት ይዘው የኮበለሉ ናቸው»

ይኼኛው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በየካቲት 1921 የሶቪየት ሩሲያ ሠራዊት፣ ቀይ ጦር፣ ትብሊሲ ገባ። የጆርጂያ መንግሥት ወደ ምዕራብ አፈገፈገ። የቤተ መዘክርና የገዳም ንዋያት፣ የዙግዲዲ ቤተ መንግሥት ዕቃ ሳይቀር፣ በሳጥን በሳጥን ታሽጎ ከባቱሚ ወደብ በመርከብ ተጫነና ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ደረሰ። አውጡት ያለው ራሱ መንግሥት ነው። የኤክቭቲሜ ሥራ መጠበቅ ነበር። ያኔ 58 ዓመታቸው ነው።

ሳጥኖቹ ባንክ ገቡ፣ እሳቸው ደግሞ ችግር ውስጥ። የኖሩት ፓሪስ አጠገብ፣ የጆርጂያ ስደተኞች በሰፈሩባት ሉቪል በምትባል መንደር ነው። ባለቤታቸው ኒኖ በ1931 እዚያው አረፉ። ገዢ አልጠፋም ነበር። አንዲት ዕቃ ብቻ ቢሸጡ ኑሯቸው በተቃና! አንዲትም አልሸጡም። ዙግዲዲ ያለችበት የምዕራብ ጆርጂያዋ ሜግሬሊያ መሳፍንት ወራሽ የሆነች ልዕልት «የዙግዲዲው ዕቃ የአባቴ ነው» ብላ ስትከሳቸውም ተከራክረው ረቱ።

«ሀብቱን የመለሱት የሶቪየት ደጋፊ ስለነበሩ ነው»

ሶቪየቶች ያፈረሱት የጆርጂያ ምክር ቤት ምክትል ሊቀ መንበር ማን ሆነና! እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ለኤክቭቲሜ ሀብቱ የአገሩ እንጂ የመጣና የሄደው መንግሥት ንብረት አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ዕድሉ ተገኘ፤ በ1945 በ82 ዓመታቸው ከነሳጥኖቹ በአውሮፕላን ትብሊሲ ገቡ።

«ከዚያ በኋላማ በክብር ተንደላቀው ኖሩ»

መጀመሪያ ላይ ክብሩ ነበር። ብዙም አልቆየ። ያሳደጓት የማደጎ ልጃቸው ታሰረች፣ እሳቸውም የቁም እስረኛ ሆኑ። በየካቲት 21 ቀን 1953 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ለመቅበር የወጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስታሊን የሞተው ከዚያ በ12ኛው ቀን ነው።

«ሳጥን ጠባቂ ነበሩ እንጂ ምሁርስ አልነበሩም»

ይኼ አባባል እኔን ያናድደኛል። በ1887 ከፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በ1907 የጆርጂያን የታሪክና የኢትኖግራፊ (የሕዝብ ባህል ጥናት) ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ወዳለው ታኦ ክላርጄቲ ዘልቀው የድሮ አብያተ ክርስቲያናትንና በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችን መዘገቡ። ጥንታዊ ዜና መዋዕሎችን ለኅትመት አበቁ፤ «የንግሥት ማርያም» የሚባለው የጆርጂያ ታሪክ ብራና የታተመው በ1906 በእሳቸው እጅ ነው። የትብሊሲ ዩኒቨርሲቲን በ1918 ከመሠረቱትም አንዱ ናቸው። ይህ ሁሉ ሳጥኖቹ ከመታሸጋቸው በፊት ነው።

«ቅዱስ ከተባሉ መነኩሴ መሆን አለባቸው»

የጆርጂያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ2002 «የእግዚአብሔር ሰው» ብላ ከቅዱሳን ቆጥራቸዋለች። መነኩሴም ቄስም ግን አልነበሩም፤ ሚስት ያገቡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። እግረ መንገዴን፣ «ኦርቶዶክስ ከሆኑማ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው» የሚልም አይጠፋም። የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ ትቀበላለች፣ ተዋሕዶ አትቀበልም። ስለዚህ ስማቸውን በእኛ ስንክሳር አትፈልጉ።

አጽማቸው አሁን ያለው ትብሊሲ፣ አገሪቱ ታላላቆቿን በምትቀብርበት በምታትስሚንዳ ተራራ ላይ ነው። የኒኖም አጽም ከሉቪል መጥቶ አጠገባቸው አርፏል።