ቴርሞሜትሩ ቆሞ ሙቀቱ የት ይገባል?

ጅማ ላይ እሸት ቡና አልጋ ላይ አስጥቶ ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ቀን ፀሐይ አለ፣ ማታ እርጥበት ነው። በላስቲክ የተሸፈነ ማድረቂያም ቢሆን ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል። የቀኑን ሙቀት ለማታ ከሚያቆዩ መላዎች አንዱ ሰም ነው፤ ያው ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን።

ግራ የሚያጋባው "ድብቅ ሙቀት" የሚሉት ነገር ነው። ሰም ሲሞቅ ቴርሞሜትሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ መቅለጥ ሲጀምር ግን ቀጥ ይላል። እሳቱ አልጠፋም። ሙቀቱ የሰሙን ቅንጣቶች እርስ በርስ ከተያያዙበት ለማላቀቅ እየዋለ ነው። ማታ ሰሙ ሲረጋ ያንኑ መልሶ ይለቃል።

መጠኑ ቀላል አይደለም። 1 ኪሎ ውሃ በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 42 ኪሎጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃል። 1 ኪሎ ፓራፊን ለማቅለጥ ብቻ ወደ 200 ይጠጋል።

ችግሩ ሰም ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ማታ ሙቀቱን ከሰሙ የሚያወጣውን ቧንቧ የነካው ሰም መጀመሪያ ይረጋና ለቀረው ብርድ ልብስ ይሆንበታል። ለዚህ ነው በመሃሉ "ክንፍ" የሚባሉ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች የሚገቡት፣ ወይም ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር) የሚደባለቀው። እኔ ክንፉን እመርጣለሁ፤ ቆርቆሮ ሠሪም አይቸገርበትም።

ሰሙ የሚቀልጥበት ዲግሪም ይለያያል። ማድረቂያው 50 ዲግሪ የማይደርስ ከሆነ በ60 የሚቀልጥ ሰም ውስጡ ተቀምጦ መዋል ነው ሥራው። ደግሞ ሲቀልጥ ከ10 በመቶ በላይ ሊያብጥ ስለሚችል ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት።