የወሎ ፈረሰኛ ቅድመ አያትን ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በወሎ ደጋ፣ በወረኢሉም ሆነ በለጋምቦ፣ በደላንታም ሆነ በጉጉፍቱ፣ «ቅድመ አያታችን ፈረሰኛ ነበሩ» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። አገሩ የፈረስ አገር በመሆኑ አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም ስማቸውን፣ የዘመቱበትን ጦርነትና የወደቁበትን ቦታ ለማወቅ ፍለጋ ሲጀመር፣ ከቤት ይዘናቸው የምንወጣቸው አንዳንድ እምነቶች መንገዱን ያስቱናል። እኔም የአባቴን አያት ዱካ ስፈልግ ሁለት ዓመት ያህል ያባከንሁት በእነዚሁ እምነቶች ምክንያት ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ጊዜውን እንዳያጠፋ አንድ በአንድ ማንሣት እፈልጋለሁ።

«የክፍለ ጦሩ ስም ከታወቀ የዘማቹ ስም ከመዝገብ ይገኛል።»

ይህ አስተሳሰብ ከዘመናዊው ሠራዊት የተወሰደ ነው። የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ያዘመቱት ፈረሰኛ ቁጥር የተሰጠው፣ ስም በስም የተመዘገበና በደመወዝ የሚተዳደር ጦር አልነበረም። ሰው ፈረሱን፣ ጦሩንና ጋሻውን፣ ስንቁንም ይዞ ከጌታው ጋር ይከታል፤ ጌታው ከበላዩ ሹም ጋር፣ ያም ሹም ከራስ ሚካኤል ጋር ይዘምታል። የዘመኑ ዜና መዋዕሎች የሚጠቅሱትም የጦር አለቆቹን እንጂ ጭፍራውን አይደለም። እኔ ይህን የተረዳሁት ለጋምቦ ውስጥ አንድ ዕድሜ ጠገብ አባት ዘንድ ቀርቤ ስለ ክፍለ ጦር በጠየቅሁ ጊዜ ነው። በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ክፍለ ጦር የምትለውን አላውቅም። የማን ጭፍራ እንደ ነበሩ ንገረኝና መንደራቸውን እነግርሃለሁ» አሉኝ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። የጌታው ስም ከታወቀ ቀጥሎ መፈለግ ያለበት መሬቱ ነው፤ ምክንያቱም ለብዙ ዘማች ደመወዙ ማደሪያ መሬት ነበር፣ መሬት ባለበት ደግሞ ግብርና ክርክር አለ። ርስት በሚቆጠርበት አካባቢ ተከራካሪው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ይገባው ስለነበር፣ አንድ የቆየ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ የአምስትና የስድስት ትውልድ ስም በአንድ ገጽ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በአብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትም በህዳጋቸውና በባዶ ገጻቸው ላይ የመሬት ስጦታና ውል ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎባቸው ይገኛል። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ የግብር ደረሰኝና የውሳኔ ግልባጭ ለብዙው ሰው ጥቅም የሌለው ወረቀት ሆኖ ታይቷል፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ ያረጀ ስልቻ ወይም ሣጥን ካለ፣ ወደ አዲስ አበባ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከመሄድ በፊት እሱን መክፈት ይቀድማል።

«ፈረሰኛ ከነበሩ አድዋ ዘምተዋል።»

ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው፤ ከፍቅር የሚመጣ ስለሆነም ለማረም ያስቸግራል። የወሎ ፈረሰኛ በአድዋ፣ በተለይም የጣሊያኑ ጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ በተደመሰሰበት በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ፣ የሠራው ሥራ የታወቀ ነው። ይሁንና የወሎ ሰው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ማይጨው ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። በአድዋ ጊዜ 20 ዓመት የሞላው ሰው በሰገሌ 41፣ በማይጨው 60 ዓመት ይሆነዋል። የእኛ ቤተሰብ ቅድመ አያታችን «አድዋ ቀሩ» እያለ ሲተርክ ኖሯል፤ ነገር ግን የመጨረሻ ልጃቸው የሆነችው የአባቴ እናት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። አድዋ የቀረ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ልጅ ሊወልድ አይችልም። ይህን ቀላል ስሌት ለመሥራት ሁለት ዓመት ሙሉ ያልደፈርሁት ታሪኩን ስለምወደው ነው።

የጾም ትውስታም ጦርነቶቹን ለመለየት ይረዳል፤ ይህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት በወሎ ልዩ ዋጋ አለው። የአድዋ ጦርነት የተካሄደው በ1313 ዓመተ ሒጅራ የረመዳን ወር አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ ዕለቱ ለክርስቲያኑም በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ማይጨውም በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር፤ በሒጅራው አቆጣጠር ግን ወሩ ሙሐረም ነበር። ሰገሌ በሁለቱም ጾም ውስጥ አይወድቅም። ስለዚህ አንድ የሙስሊም ቤተሰብ «ጦር ሜዳ ላይ በረመዳን ሞቱ» ብሎ ከያዘ ከሦስቱ የሚስማማው አድዋ ብቻ ነው፤ «በሑዳዴ ሞቱ» የሚል የክርስቲያን ቤተሰብ ግን አድዋን ከማይጨው በዕድሜ መለየት ይኖርበታል።

«ጦሩ ከእኛ አገር ተነሣ» የሚለውም ትውስታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምኒልክ በክተት አዋጃቸው የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ አዘው ስለነበር፣ የወረኢሉ ባላገር ከቤቱ ማንም ባይዘምት እንኳን ያን ሁሉ ሠራዊት በደጁ ሲያልፍ አይቷል።

«ስሙ ካልገጠመ ሌላ ሰው ነው።»

በወሎ አንድ ሰው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ስም ይኖረዋል። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካስደረጉ በኋላ፣ በርካታ የወሎ መኳንንት ከነጭፍሮቻቸው ክርስትና ተነሥተዋል። ራስ ሚካኤል ራሳቸው ከዚያ በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ወረቀት በክርስትና ስም የተጠራው ዘማች፣ በዘመዶቹ ዱዓና ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ላይ በቀድሞ ስሙ ሲነሣ መገኘቱ አያስገርምም። ሦስተኛው የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደሚባሉት ሁሉ፣ ከዚያ በታች ያለውም ጦረኛ በፈረሱ ስም ይፎክር፣ ይጠራም ነበር። በለቅሶ ሙሾ ላይ «አባ» ተብሎ የሚጠራውን ሰው የሟቹ አባት ወይም መነኩሴ አድርጎ በትውልድ ሐረግ ውስጥ ማስገባት በተደጋጋሚ ያየሁት ስሕተት ሲሆን፣ አንድ ሰው ሁለት ትውልድ ሆኖ ይቆጠራል።

«ግራዝማች የተባሉት በግራ ክንፍ ስለተዋጉ ነው።»

ማዕረጉ መነሻው እንደዚያ ቢሆንም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የሹመት ደረጃ እንጂ የዕለቱን የውጊያ ቦታ የሚያመለክት አልነበረም።

«ይህ እርካብ የሕፃን ነው።»

በአንድ ዘመዴ ቤት ከጣሪያ ወጋግራ ላይ የተሰቀለ ኮርቻ አለ፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ እንጨቱ ግን ደኅና ነው። ከሁለት ጎኑ የተንጠለጠሉት የብረት ቀለበቶች ሦስት ጣት እንኳን አያስገቡም። ቤተሰቡ በዚህ ምክንያት ኮርቻውን የልጅ መማሪያ ነው ብሎ ሲያምን ኖሯል። የቀድሞው የአገራችን ፈረሰኛ ግን ሙሉ እግሩን ሳይሆን የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በእርካቡ አስገብቶ በባዶ እግሩ ይጋልብ ነበር። ጠባቡ ቀለበት የጎልማሳ ፈረሰኛ ነው፤ ጫማ የሚያስገባ ሰፊ እርካብ በአንጻሩ የኋላ ዘመን ዕቃ መሆኑን ያመለክታል። ኮርቻውን ለመሸጥ ያሰቡ ሰዎች ስለነበሩ ይህን በጊዜ መንገሬ ደስ ይለኛል።

«በጣሊያን ጊዜ ፈረስ የጋለበ ሁሉ አርበኛ ነው።»

ሁሉም ባንዳ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም አያስኬድም። በአምስቱ ዓመት አንድ ቤተሰብ ለሁለት የተከፈለበት፣ አንድ ሰውም ከባንዳነት ወደ አርበኝነት የተሻገረበት ጊዜ አለ። የአርበኝነት ሜዳይ ከነዘንባባው ካለ ጠንካራ መነሻ ይሆናል፤ የአርበኞች ማኅበርን መጠየቅም ተገቢ ነው። በኢጣሊያ በኩል ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁም፦ ጣሊያኖች ወሎን መቀመጫው ጎንደር በሆነው የአማራ ግዛት ሥር አድርገው ያስተዳድሩ ስለነበር፣ ሮም በሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የታሪክ ቢሮ ሰነዶችን «ወሎ» በሚለው ስም ብቻ መፈለግ በቂ አይደለም።

«ስለ ዘመቻቸው ካልተወራ አልዘመቱም።»

ሰገሌን ብዙ ቤተሰብ አይተርከውም። በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ዙፋን ለማስመለስ ወደ ሸዋ ዘምተው ተሸነፉ፣ ተማረኩም፤ ያለቀው የወሎ ሰው እጅግ ብዙ ነው። አሸናፊው ወገን አገሩን እየገዛ ባለበት ዘመን፣ ሟችን «አድዋ ቀሩ» ብሎ ማልቀስ «ሰገሌ ቀሩ» ብሎ ከማልቀስ ይቀል ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ታሪኩ በወሬ ሳይሆን በልማድ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛልና፣ የሚደገሰውንና የሚዘከረውን ቀን መጠየቅ ይበጃል። የአባቴ እናት እንደ ነገረችኝ፣ የአጥቢያችን ታቦት ሚካኤል ሆኖ ሳለ እናቷ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው እስጢፋኖስን ይዘክሩ ነበር። ለምን እስጢፋኖስን እንደ መረጡ ልጆቹ ቢጠይቋቸውም መልስ አይሰጡም፤ ዳቦውን ከመቁረሳቸው በፊት ግን በጓዳ በኩል ወዳለው፣ የኮርቻው መስቀያ ወደ ነበረው ባዶ ግድግዳ ዞር ብለው ትንሽ ይቆሙ ነበር።